የሕዝብ ጀልባና ባለቤቶቿ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት በ1942 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ብዙዎቻችን ጎተንበርግ በምንላት በስዊድኗ የዮተቦሪ ከተማ አንዲት አነስተኛ የሸራ ጀልባ ተሠርታ ውኃ ላይ አረፈች። ዴንማርክና ኖርዌይ በጀርመን ጦር ከተያዙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ፊንላንድ ከሶቪየት ኅብረት ጋር እየተዋጋች ነው፤ ገለልተኛዋ ስዊድንም ምግቡን በራሽን ታከፋፍላለች። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ፣ ባሕርን በካርታ ብቻ እያወቅሁ ላደግሁት ለእኔ ለወሎ ደገኛ፣ ጎረቤት ቤቱ ሲቃጠል ስለ ሽርሽር ማሰብ መስሎ ታይቶኝ ነበር። ለመፍረድ ቸኩዬ ኖሯል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጦርነቱ በፊት ነው። የሶሻል ዴሞክራቱ መሪ ፔር አልቢን ሃንሰን በ1928 ፓርላማ ቆሞ፣ ሀገር የበኩር ልጅና የእንጀራ ልጅ የማይለይባት «የሕዝብ ቤት» መሆን እንዳለባት ተናግሮ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1938፣ ስዊድን ለሠራተኛው ደመወዙ ሳይቋረጥ የሁለት ሳምንት ዕረፍት እንዲያገኝ በሕግ ደነገገች። እንግዲህ ዕረፍቱ ተገኘ። ባሕሩም ከበር ላይ አለ። የሸራ ጀልባ ግን እስከዚያ ዘመን ድረስ በአብዛኛው የባለጸጋ ዕቃ ነበረች፤ የፋብሪካ ሠራተኛና የትምህርት ቤት መምህር ከዳር ቆመው ያዩአታል እንጂ አይገቡባትም። የስካንዲኔቪያ ሀገሮች የሸራ ጀልባ ኅብረት በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመታት ንድፍ አውጪዎችን ያወዳደረው ለዚህ ነው። የተፈለገችው ጀልባ ዋጋዋ የማይከብድ፣ ቤተሰብ የሚያድርባት፣ የባልቲክን ማዕበል የምትችል፣ ለውድድርም የማታሳፍር መሆን ነበረባት።

ከ50 በላይ ንድፎች ቀረቡ። ዳኞቹ ግን አንዱንም ሙሉ አሸናፊ አላሉትም። ከዚህኛው ይህን፣ ከዚያኛው ያንን ብለው የወደዱትን ከመረጡ በኋላ፣ ሁሉን አስማምቶ አንድ መልክ እንዲሰጠው ቶርድ ሱንዴን ለተባለ ስዊድናዊ ንድፍ አውጪ አስረከቡ። ጄኖዋ የሚባለውን ሰፊ የፊት ሸራ በማስተዋወቁ በመርከበኞች ዘንድ ስሙ የሚነሣው የመርከብ ባለሀብት ስቬን ሳሌን ከሐሳቡ ደጋፊዎች አንዱ ነበር። የተወለደችውም ጀልባ «ፎልክቦት» ተባለች፤ የሕዝብ ጀልባ ማለት ነው።

ርዝመቷ 7.68 ሜትር፣ ስፋቷ 2.20 ሜትር ነው። ክብደቷ ወደ 1,930 ኪሎ ይደርሳል፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ከሆዷ ሥር የተያያዘው ብረት ነው። ነፋስ ሲያጋድላት መልሶ የሚያቆማት ያ ብረት ነው። ሸራዋ 24 ካሬ ሜትር። ጎኗ የተሠራው ሳንቃው እንደ ጣራ ክዳን አንዱ በሌላው ጠርዝ ላይ እየተደረበ ነው፤ ስካንዲኔቪያውያን ከቫይኪንጎች ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት አሠራር ነው። ከውስጥ ቆሞ መሄድ አይቻልም፤ አጎንብሶ ገብቶ ተቀምጦ ቡና ማፍላት ግን ይቻላል። ውበቷን ለመግለጽ አልሞክርም። እኔም ራሴ ውብ መሆኗን ያስተዋልሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከእርሷ ጋር ያገናኘኝ ጉልበቴ ነበር። አብሮኝ ተረኛ የነበረ አንድ የማደንዘዣ ነርስ፣ ሌሊቱ ሲነጋጋ፣ «ቅዳሜ እጅህ ነፃ ነው?» አለኝ። በሚያዝያ ብርድ ከጀልባ ማቆሚያው ስደርስ፣ ክረምቱን በየብስ ላይ ያሳለፉ ጀልባዎች በእንጨት ድጋፍ ቆመው፣ ሰዎች ከሥራቸው በጀርባቸው ተኝተው የአምናውን ቀለም ይፍቃሉ። እኔም መፋቂያና ብርጭቆ ወረቀት ተሰጠኝና ተኛሁ። ከጎናችን ያለው ሽማግሌ ቀና ብሎ፣ «አንተ የየትኛው ቁጥር ሰው ነህ?» ሲል ጠየቀኝ። ቁጥር የሚለው በሸራዋ ላይ የሚጻፈውን የጀልባዋን መለያ ነው። ስዊድን ከገባሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ከየት ሀገር እንደመጣሁ ነበር። ሽማግሌው ግን ያን ሳይጠይቀኝ ሁለት ዓመት ቆየ፤ የጠየቀኝም ስለ ጣና ታንኳ ሊሰማ ፈልጎ ነው። ከጊዜ በኋላ በ1950ዎቹ ከተሠራች አንዲት የእንጨት ፎልክቦት ላይ የሲሶ ድርሻ ገዛሁ።

ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ወዳጅነት በሰዎቹ ደግነት ብቻ መተርጐም ቀላል ነበር። ደጎች ናቸው፤ ነገር ግን ከዚያው ከተማ፣ ከዚያው ወደብ፣ በሌላ ዓይነት ጀልባ ጎረቤቱን ሰላም የማይል ሰው ሞልቷል። ልዩነቱ፣ እኔ እንደምገምተው፣ በሜትርና በሚዛን ነው። የፎልክቦት ደንብ ጀልባዎቹ ሁሉ አንድ እንዲሆኑ ያዝዛል። ለካው ይመጣል፤ ቅርጿን፣ ምሰሶዋንና ሸራዋን ይለካል፤ ክብደቷ ይረጋገጣል፤ የልኬት ምስክር ወረቀት የሌላት በውድድር አትሰለፍም። ሌሎች ጀልባዎች ነፋስ ከኋላ ሲመጣ የሚዘረጉት ፊኛ መሰል ትልቅ ሸራ ለእርሷ የተከለከለ ነው። ሀብታሙ ገንዘቡን ፍጥነት ሊገዛበት አይችልም።

ይህ ደንብ በሰዎቹ ጠባይ ላይ ያመጣው ነገር ይገርማል። ባለፈው እሑድ ያሸነፈህ ሰው እንዴት እንዳሸነፈህ ብትጠይቀው ይነግርሃል፤ እንዲያውም ካንተ ጀልባ ላይ ወጥቶ የምሰሶህን ገመድ አጥብቆልህ ይወርዳል። የሚደብቀው ዕቃ የለውም። ዕውቀቱን ቢሰጥህም በሚቀጥለው ሳምንት ነፋሱን አንተ ሳታነበው እርሱ ያነበዋል። አሮጌ ጀልባ ያለው ከአዲስ ባለቤት ጋር እኩል ስለሚሰለፍ፣ አሮጌዋን መጠገን ከንቱ ድካም አይሆንም፤ የሚጠግን ሰው ደግሞ የጎረቤቱን መሣሪያ ሳይዋስ አይውልም።

ወዳጅነቱ ግን አንድ ጊዜ ለመፍረስ ደርሶ ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ፋይበርግላስ ገበያውን ያዘ። የእንጨት ጀልባ መሥራት ውድ ሆነ፤ ባለሙያው ቀነሰ፤ ከቅርጽ ማውጫ እንደ ዳቦ የሚወጡት ጀልባዎች ግን ቀለም መፋቅ አይፈልጉም፤ አይነቅዙም። የፎልክቦት ባለቤቶች በሁለት ክፉ አማራጮች መካከል ቆሙ። በእንጨት ብንጸና፣ ከእኛ ጋር ማርጀቷ ነው። ፋይበርግላሱን እንደ ልቡ ብንለቀው ደግሞ ቀላልና ፈጣን ጀልባ ይመጣና ሺሕ ቤተሰቦች ለዓመታት ሲጠግኑ የኖሩትን እንጨት በአንድ የውድድር ወቅት ዋጋ ያሳጣዋል። ክርክሩ መራራ ነበር።

ከዴንማርክ የመጣው መፍትሔ ለተመልካች ሞኝነት ይመስላል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፋይበርግላስ ሲፈቀድ፣ አዲሷ ጀልባ በቅርጽም በክብደትም የእንጨቷ እኩያ እንድትሆን ተወሰነ። የተደራረበው ሳንቃ መስመር እንኳ፣ ሳንቃ በሌለበት፣ በፋይበርግላሱ ላይ ወጣ። ቀላል መሆን የሚችለውን ነገር ሆን ብሎ ማክበድ! ይህን ያደረጉት መሐንዲሶች ቴክኖሎጂው ጠፍቷቸው አይደለም። አሮጌው ሰው ከውድድሩ እንዳይወጣ አዲሱ ክብደቱን እንዲሸከም ነው። ከ4,000 በላይ ከተሠሩት ፎልክቦቶች መካከል እንጨቱም ፋይበርግላሱም እስከ ዛሬ በአንድ መስመር ላይ ይነሣሉ።

አንባቢዬ ይህን ለምን እንደማነሣ ሳይገባው አይቀርም። በስደት ያቋቋምናቸውን ማኅበራት እናውቃቸዋለን፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሲሆኑ አይተናል፤ እኔም በአንደኛው መከፈል ላይ እጄ አለበት። ይህ በሽታ እዚህ ቤት ለምን አልገባም ብሎ መጠየቅ የሙያዬ ልማድ ነው። አባቶቻችን እድርን ሲመሠርቱ መዋጮውን ለሀብታሙም ለድኻውም አንድ አድርገው፣ ቀሪውን በቅጣት ያስገደዱት ሰውን ስላላመኑ አልነበረም። እኛ በባዕድ ሀገር መዋጮውን አስቀርተን ንግግሩን አስቀረንለት። አዳራሽ ተከራይተን ስለ አንድነት ስንናገር፣ የሚለካ ሰው አልሾምንም።

ይሁን እንጂ ነገሩን አሳምሬ ብቻ ብተወው ሐሰት ይሆናል። ጀልባዋን እኩል ያደረገው አሠራር አንድ ሰው በድሏል። ከሁሉ ቀድሞ ወረቀት ላይ አንድ ያደረጋት ቶርድ ሱንዴን ነው፤ ኅብረቱ ግን ሥራውን የኮሚቴው አድርጎ ስላየው የንድፍ ባለቤትነትን ሙሉ ክብር ነፈገው። በየጀልባው ሽያጭ አንድ ንድፍ አውጪ የሚያገኘው ድርሻ ለእርሱ አልመጣለትም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በፋይበርግላስ ሌላ ጀልባ ነድፎ «ዓለም አቀፍ ፎልክቦት» ተብላ ስትወጣ፣ የፎልክቦት ሰዎች ስሙን ተቃወሙ፤ ጀልባዋም «ኢ.ኤፍ.» በሚሉት ሁለት ፊደሎች ቀረች። እርሷም ከ3,000 በላይ ተሠርታ የራሷን ማኅበር አፈራች። ዛሬ በየመጽሔቱ ፎልክቦት ስትነሣ የሱንዴን ስም አብሮ ይነሣል፤ መጽሔት ግን ደመወዝ አይከፍልም። ሽማግሌው ጎረቤቴ ይህ ጉዳይ ሲነሣ ቀለም መፋቁን አቁሞ ዝም ይላል።

የኅብረቱ ሰዎች ያላሰቡት ሌላም ነገር ሆነ፤ ጀልባዋ ከባልቲክ ወጣች። በ1960 አትላንቲክን ለብቻ ለመሻገር በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር ከእንግሊዝ ከተነሡት አምስት ጀልባዎች ሁለቱ የፎልክቦት ዘር ነበሩ። አንደኛዋ የዌልሳዊው የቫል ሃውልስ «አይራ» ናት። ሁለተኛዋ «ጄስተር»፣ የውድድሩ ጠንሳሽ የኮሎኔል ብሎንዲ ሃስለር ጀልባ፣ በቻይና ዓይነት ሸራ ተጉዛ በ48 ቀን ኒውዮርክ በመድረስ ሁለተኛ ወጣች። (ሦስተኛ የወጣው ዴቪድ ሉዊስ ሐኪም ነበር፤ በሌላ ዓይነት ጀልባ መሄዱን ግን ይቅር ብዬዋለሁ።) «ጄስተር» በኋላ ወደ ማይክል ሪቺ እጅ ገብታ ዓመታት ካገለገለች በኋላ በ1988 ውቅያኖስ ላይ ጠፋች። ወዳጆቿ ገንዘብ አዋጥተው በዚያው ልክ ሌላ «ጄስተር» አሠሩለት።

በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፎልክቦት በሚሠማራበት በዚያ ነፋሻ የባሕር ወሽመጥ፣ ከአውሮፓ ለሚመጡ ተወዳዳሪዎች ባለቤቶቹ የገዛ ጀልባቸውን ያውሷቸዋል። ይህን ለማድረግ የሚቻለው ጀልባዎቹ አንድ በመሆናቸው ነው፤ ከዴንማርክ የመጣው እንግዳ ገመዱን ጨለማ ውስጥም ቢሆን ያገኘዋል። ጀልባውን አውሶ በዚያው ጀልባ መሸነፍ ግን ደንብ የሚያዝዘው አይደለም።

የእንጨት ጀልባ ክረምቱን በየብስ ስትከርም ሳንቃዋ ይደርቃል። በግንቦት ከባሕር ስትገባ ውኃው በየስፌቱ ይገባል፤ እንጨቱ ጠጥቶ አብጦ እስኪገጥም ድረስ አንድም ሁለትም ሌሊት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ሰው ነቅቶ ውኃውን ያወጣል። አምና የእኛን ተራ የወረደው ለእኔ ነበር። ከጎናችን የምትቆመው ጀልባ ፋይበርግላስ ናት፤ ጠብታ አታስገባም፤ ባለቤቷ ወጣት የአናጢ ልጅ ነው። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ፋኖስ ይዞ መጣ፤ በሌላ እጁ የእጅ ፓምፕ ይዟል። ያ ፓምፕ ለእርሱ ጀልባ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅሁት። «የእኔ አይደለም፣» አለ፣ «ከመደርደሪያው ላይ ሁልጊዜ አንድ ይቀመጣል፤ የቀድሞው ባለቤት ሲሸጥልኝ ይህን እንዳታነሣው ብሎኛል።» ከጎኔ ተቀመጠና እስኪነጋ ተራ በተራ ገፋን።