የጊቨንዴል የጓሮ መደቦች (ስካርቦሮ)

በቶሮንቶ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በስካርቦሮ፣ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር የሚገኙ የአትክልት ቦታዎች ናቸው። የከተማው አስተዳደር መሬቱን በመደብ ከፋፍሎ ለነዋሪዎች ያከራያል። መደቦቹ ሜዶዌይ በተባለው፣ የዶን ወንዝ ሸለቆን ከሩዥ ብሔራዊ የከተማ ፓርክ ጋር በሚያገናኘው የ16 ኪሎ ሜትር አረንጓዴ መተላለፊያ ውስጥ ናቸው። በመተላለፊያው ይታጨድ የነበረው ሣር በአገር በቀል አበቦች እየተተካ ለንቦችና ለቢራቢሮዎች መኖሪያ ሆኗል።

ጥቅም፦ ከመደብ ተቀጥፎ ድስት የሚገባ ጎመን ማሸጊያም ሆነ የጭነት መኪና አይፈልግም፤ የአስቤዛ ወጪም ይቀንሳል። የአትክልት ልጣጭ ከደረቅ ቅጠል ጋር ተደራርቦ ሲብላላ ኮምፖስት ይሆናል። ከቆሻሻ ጋር ቢቀበር ግን አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። በቁጠባ መኖር ለኪስም ለአካባቢም ይበጃል።