የሕዝብ መጸዳጃ ቤት አሠራርና ገመና በደሴና በኮምቦልቻ

በደሴና በኮምቦልቻ ከቤቱ የወጣ ሰው የሚጠቀምባቸው መጸዳጃ ቤቶች በመናኸሪያ፣ በገበያ፣ በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታልና በፋብሪካ ይገኛሉ፤ በቀበሌ ቤቶች ግቢ ጎረቤት የሚጋራቸውም በአገልግሎታቸው ከእነዚህ ብዙም አይለዩም። ተገልጋዩን ከሰው ዓይን የሚከልሉት ግድግዳ፣ በርና ጣሪያ ግን በሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ሥራ አይጠብቃቸውም። ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው የመሬቱ አቀማመጥ ነው።

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተዳፋት የተሠራች ከተማ ናት። በብዙ ሰፈሮቿ የአንዱ ቤት ጣሪያ ከሌላው ደጃፍ በታች ይውላል። በሜዳማ አገር የሰው ቁመት ያህል ግድግዳ ገመና ይሸፍናል፤ እዚህ ግን ጣሪያ የሌለው ወይም ቆርቆሮው የተገለበ ሽንት ቤት ከላይኛው መንገድና ከጎረቤት በረንዳ ይታያል። ስለዚህ በደሴ ከበሩ ይልቅ ጣሪያው ይቀድማል። የሐረጎን ተራራ ተሻግሮ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ የሚገኘው ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ፣ ሜዳማና ሞቃት ነው። በዚያ ዋናው ችግር ሽታና ወበቅ በመሆኑ ከበሩ በላይና በታች ክፍተት መተው ያስፈልጋል። በአሜሪካ የተለመደው ክፍልፋይ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚለው ለጽዳትና ለአየር ሲባል ነው፤ እንግዳ ሰው ግን እግሩ መታየቱን አይወደውም።

ርካሹ በር በእንጨት ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። ምስማሩ ሲነቀል ቀዳዳው ይቀራል። ቀድሞ የሚሰበረው ግን መቀርቀሪያው ነው፤ ከዚያ ወዲያ በሩ በሽቦ ይታሰራል፣ በእጅ ይያዛል፣ ወይም ጓደኛ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። የቀረውን የሚሸፍነው ልማድ ነው፦ መጪው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ውስጥ ያለው «ሰው አለ!» ይላል። ልማዱ የሚደነቅ ቢሆንም መስማት ለተሳነው ሰው አይሠራም። ሶፍት ከበር ጠባቂው ተጠይቆ በሚሰጥበት ቦታ ደግሞ ሰውየው ለምን እንደገባ ወረፋው ሁሉ አስቀድሞ ያውቃል።

ክፍተት ሁሉ የግንበኛ ስንፍና አይደለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚምባብዌ የተቀረጸውና በኢትዮጵያም የተስፋፋው ባለ አየር ማስወጫ ቱቦ የጉድጓድ መጸዳጃ ያለ ክፍተት አይሠራም። ነፋስ በበሩ በኩል ገብቶ፣ በጉድጓዱ አልፎ፣ ሽታውን በቱቦው ያስወጣል። ዝንቦች ወደ ብርሃን ስለሚሄዱ ቱቦውን ተከትለው ወጥተው ጫፉ ላይ ባለው ወንፊት ተይዘው ይሞታሉ። ይህ እንዲሆን ክፍሉ ከፊል ጨለማ መሆን አለበት። ያው ጨለማ ሲመሽ ለሴቶችና ለሕፃናት የስጋት ምንጭ ይሆናል። መብራት ቢገባ ዝንቡ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ መብራቱን ከክፍሉ ውጭ፣ በመግቢያው መንገድ ላይ መስቀል ይሻላል።

በቀበሌ ቤቶች ግቢ የጋራ መጸዳጃ የበዛበት አንዱ ምክንያት የትርፍ ቤቶች አዋጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱት ቤቶች በኪራይ ሲከፋፈሉ በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ገባ፤ ሽንት ቤቱ ግን ያው አንዱ ቀረ። በብዙ ቦታ ቁልፍ ተገዝቶ ለየቤቱ ቅጂ ይሰጣል። ቁልፉ መንገደኛን ይከለክላል እንጂ ጎረቤትን ከጎረቤት አይከልልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት አኃዝ በ1990 እ.ኤ.አ. ከመቶ ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 29 ወርዷል። በድርጅቶቹ መለኪያ ግን ከሌላ ቤተሰብ ጋር የሚጋሩት መጸዳጃ፣ ምንም ያህል ቢጸዳ፣ «ውስን» ከሚባለው ደረጃ አያልፍም።

ከደቡብ ወሎ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ ሌላም የንድፍ ጉዳይ ይነሳል። በእስልምና ሥርዓት የሚጸዳዳ ሰው ፊቱንም ጀርባውንም ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ፣ እንዳያዞር ታዟል፤ በግንብ ውስጥ ሲሆን ግን ዑለማዎች ይለያያሉ። ደሴ በ39.6፣ መካ በ39.8 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ስለሚገኙ ቂብላው ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ መቀመጫውን ምሥራቅና ምዕራብ አድርጎ መትከል ክርክሩን ከሥሩ ያስቀራል፤ ወጪም የለውም፣ አስቀድሞ ማሰብን ብቻ ይጠይቃል። በውሃ መታጠብ ተመራጭ በመሆኑም ቧንቧው ወይም ማንቆርቆሪያው ከክፍሉ ውስጥ መሆን አለበት። ውሃው ውጭ ከሆነ በር ቢኖርም ገመናው ግማሽ ነው።

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ሰዎች በሁለቱ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ሲጠለሉ፣ ለቀን ተማሪ የተሠሩ መጸዳጃዎች የሌሊት ነዋሪ ወደቀባቸው። ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መመዘኛ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ ለወንዶች አንድ ሲሠራ ለሴቶች ሦስት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በርና መብራት ይጠይቃል። ሦስት ለአንድ የተባለው ለሴቶች ማድላት አይደለም፤ ሴቶች በልብስ፣ በወር አበባና ሕፃን በመያዝ ምክንያት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚያስፈልጋቸው ነው።

የ1992 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ተቋም ሁሉ ንጹሕና በቂ መጸዳጃ እንዲያዘጋጅ ግዴታ ጥሎ ነበር። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ መጸዳጃ በሚያስፈልግበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች በቂ ቁጥር እንዲኖር ደነገገ። ተሽከርካሪ ወንበር ለመዞር 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል፤ ውስጥ የወደቀ ሰው በሩን እንዳይዘጋም በሩ ወደ ውጭ ቢከፈት ይመረጣል። በደሴ ተዳፋት ላይ ለዚህ ከበሩ ፊት ደልዳላ መቆሚያ ማበጀት የግድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በዚያ ቦታ የሚገኘው ደረጃ ነው።