ሱፐርማንና ሁለቱ ደራሲዎቹ

በሥዕል ከሚተረኩት የአሜሪካ ጀግኖች ዋነኛው ሱፐርማን ነው። እንዴት እንደ ተፈጠረና ከፈጣሪዎቹ እጅ እንዴት እንደ ወጣ በአጭሩ እንመረምራለን። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በኦሃዮ ግዛት፥ በክሊቭላንድ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. በማባዣ መኪና ባሳተሟት ትንሽ መጽሔት ሱፐርማን የሚባል ሰው አወጡ፤ ያ ሰው ግን ክፉ ነበር። ኋላ ለተበደሉ የሚቆም ጀግና አደረጉት። የጋዜጣ ሥዕል አከፋፋዮች ለዓመታት አልተቀበሏቸውም። በ1938 ዓ.ም. አንድ የኒው ዮርክ አሳታሚ 13 ገጽ፥ አንዱን ገጽ በ10 ዶላር ሒሳብ፥ በ130 ዶላር ገዛቸው፤ የጀግናውንም ሙሉ መብት አስፈርሞ ወሰደ።

በዚያው ዓመት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በ10 ሳንቲም ተሸጠ። ገበያው ስለ ሠመረ በ1939 ዓ.ም. ባትማን ተከተለ። በእርግጥ ሁለቱ ወጣቶች ታሪኩን እየጻፉና እየሣሉ ክፍያ ያገኙ ነበር፤ ባለቤትነቱ ግን የሌላ ነው። በ1947 ዓ.ም. ቢከሱም የሱፐርማን መብት ለአሳታሚው ጸና፤ ስማቸውም ከመጽሔቱ ወጣ። በ1975 ዓ.ም.፥ ፊልሙ በሚዘጋጅበት ጊዜ፥ አቤቱታቸው በጋዜጣ ስለ ተሰማ ባለመብቱ ኩባንያ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ቆረጠላቸው፤ ስማቸውንም መለሰ።

የዚያ የ10 ሳንቲም መጽሔት አንድ ቅጂ በ2024 ዓ.ም. 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ውሉ በሕግ የጸና ነበር፤ ነገር ግን ሕጋዊ የሆነ ሁሉ ፍትሐዊ ነው ለማለት አንደፍርም። ደራሲ ሥራውን ቢሸጥ እንኳ ስሙ አብሮ ሊሸጥ አይገባም እንላለን።