ቦዮ ሐይቅ እና የሻሾጎ ሜዳ፦ የላይኛው ጎረቤት ሐቅ

ቦዮ በሀዲያ ዞን ሻሾጎ ወረዳ የሚገኝ፣ ጥልቀት የሌለውና ዙሪያው ረግረግ የሆነ ሐይቅ ነው። ከሆሳዕና በስተምሥራቅ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ እየወረደ ሄዶ ሜዳ የሚሆነው በዚህ አካባቢ ነው። ሐይቁ በበጋ ይጠባል፣ በክረምት ይሰፋል። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ከብት የሚያሰማራበትና በቆሎ የሚዘራበት ሜዳ፣ ውሃው ሲመለስ ቤተሰብ ይዞ የሚሰደድበት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ማድረግ እንደሚቻልና ሸሪዓችን በጉዳዩ ላይ ምን እንደሚያስተምረን ባጭሩ እናያለን።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ቦዮ የብላቴ ተፋሰስ አካል ነው። ብላቴ ከጉራጌና ከስልጤ ከፍታዎች ተነስቶ፣ ከሀዲያና ከከምባታ ተዳፋት የሚወርዱ ወንዞችን እየተቀበለ በሀላባ በኩል ወደ ደቡብ ይወርድና አባያ ሐይቅ ይገባል። ሆሳዕና የተቆረቆረችው ውሃ በሚለያይበት ከፍታ ላይ ነው። በከተማዋ ምዕራብ የዘነበው ወደ ግቤና ኦሞ ሲሄድ፣ በምሥራቅ የዘነበው ወደ ብላቴ ይወርዳል። እኛ ደጅ ላይ ዝናብ የነበረው ታች ሲደርስ ጎርፍ ነው።

ውሃው ደግሞ ብቻውን አይወርድም፣ አፈር ይዞ ነው። እንሰት ባለበት ጓሮ ቅጠሉ የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፣ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። የእህል ማሳ ግን ከባዱ ዝናብ ሲጀምር ገና ለዘር የታረሰ ባዶ መሬት ነው። የታጠበው አፈር ሜዳው ላይ ሲደርስ ይዘቅጣል። የወንዙና የሐይቁ ወለል ከፍ ይላል፤ ቀድሞ በመውረጃው ይሄድ የነበረው ውሃም ወደ ማሳ ይወጣል።

የአፈር ግድብ ብቻውን ለምን አይበቃም?

ይህን ከእኛ በፊት የተማሩት የባንግላዴሽ ገበሬዎች ናቸው። የባሕር ከፍታ እየጨመረና መሬቱም እየሰመጠ ባለበት በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል፣ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ረጃጅም የአፈር ግድቦች ተሠሩ። ግድቡ ማዕበሉን ሲያግድ ደለሉንም አገደ። ወንዙ በደለል ተሞላ፤ በግድቡ ውስጥ ያለው መሬት ዝቅ ብሎ ቀረ፤ የዝናቡም ውሃ መውጫ አጥቶ ተኛ። በ1997 (እ.ኤ.አ) ባይና በሚባለው ረግረግ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ግድቡን ቆርጠው ወንዙን አስገቡ፤ ደለሉ እየተኛ መሬቱ ከፍ አለ።

የሻሾጎ ጎርፍ የባሕር ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ውሃ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። በአንድ ዳር ብቻ የተሠራ ግድብ ጎርፉን ወደ ማዶ ጎረቤት ይገፋዋል። ስለዚህ ሥራው በሦስት ቦታ ነው፦

በላይ፦ በተዳፋቱ ላይ እርከን መሥራት፣ በእርከኑ ጠርዝ ደሾ ሳር መትከል፣ የተራቆተውን ኮረብታ ከልቅ ግጦሽ መከለል፣ እንሰቱን አለመንቀል። በከተማ ደግሞ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀምና የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን በቆሻሻ አለመዝጋት።

በታች፦ ረግረጉን ለግጦሽና ለበጋ እርሻ ትቶ መኖሪያን፣ መድረሳንና የእህል ጎተራን ከፍ ባለ መሬት ላይ መሥራት።

በመካከል፦ ማስጠንቀቂያ። ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል የላይኛው መስጂድ ለታችኛው ስልክ ቢደውል፣ የታችኛውም በድምፅ ማጉያ ቢያሳውቅ፣ ሕፃናትንና ከብቶችን ለማውጣት ጊዜ ይገኛል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሸሪዓችን ምን ያስተምረናል?

አንደኛ፣ የላይኛው ሰው በውሃ ላይ ያለው መብት ገደብ አለው። ዙበይር (ረ.ዐ) እና አንድ አንሷሪይ በመስኖ ውሃ ሲከራከሩ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዙበይር አጠጥቶ ውሃውን ወደ ጎረቤቱ እንዲለቅ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የታችኛው ጎረቤት ውሃ ሲያንስ ሐቅ ካለው፣ ውሃ ሲበዛበትም ከጉዳት የመጠበቅ ሐቅ አለው እንላለን።

ሁለተኛ፣ ዘካ። ታቢዒዩ ሙጃሂድ ንብረቱን ጎርፍ የወሰደበትን ሰው ዘካ ከሚገባቸው ባለ ዕዳዎች ጋር ቆጥረውታል። አዝመራው ከመሰብሰቡ በፊት ያለ ጥፋቱ የወደመበት ገበሬም በወደመው ላይ ዘካ የለበትም።

ሦስተኛ፣ ውሃ። በአፈር ብቻ የደፈረሰ ውሃ ለውዱእ ይሆናል። በሽንት ቤት ፍሳሽ ጠረኑ፣ ቀለሙ ወይም ጣዕሙ የተለወጠ ግን አይሆንም። ለውዱእ የሚሆነውም ቢሆን ሳይፈላ አይጠጣ።

አራተኛ፣ ሰደቀቱል ጃሪያ። መስጂድ መገንባት ታላቅ አጅር አለው። እርከንና የጎርፍ መውረጃም ሰው እስከተጠቀመበት ድረስ አጅሩ ይቀጥላል። የሆሳዕና፣ የዱራሜና የሌሎች ከተሞች ጀመዓዎች ከክረምት በፊት አንድ የእርከን ዘመቻ ቢያዘጋጁ፣ የሚጠቅሙት የማያውቁትን የታች ወንድማቸውን ነው።

ጎርፍ በአላህ ቀደር ይመጣል። ግመልን አስሮ በአላህ መመካትም የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ነው። አላህ የሻሾጎንና የአካባቢውን ሕዝብ ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።