ኀዘንና ተስፋ በመስመርና በጥላ

አንባቢ ሆይ፤ ሥዕል አንደበት የለውም። ደራሲ «አዘነ» ብሎ ይጽፋል፤ ዘፋኝም ድምፁን አለስልሶ ያስለቅሳል፤ ሠዓሊ ግን በእጁ ያለው መስመርና ጥላ፣ የቅርብና የሩቅ አቀማመጥም ብቻ ነው። በእነዚህ ኀዘንን ከተስፋ፣ ፍርሃትን ከእምነት ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል። ይህ በልዩ ልዩ አገር እንዴት እንደ ተፈጸመ ብንመረምር፣ «የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጥላንና ርቀትን ስላልተከተሉ ሥዕላቸው ስሜት የለውም» የሚለውን የችኮላ ፍርድ ለመመዘን ይረዳናል።

አስቀድመን ወደ ቤታችን እንመልከት። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳና በብራና መጻሕፍት ላይ የተሣሉት ጻድቃን በአብዛኛው ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው የተገለጡ ናቸው። ከሓድያንና አጋንንት ግን በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየውም አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ተመልካቹ ፊደል ያልቈጠረ ቢሆንም፣ ወዳጁንና ጠላቱን ባንድ እይታ ይለያል። በስቅለት ሥዕልም ላይ እመቤታችንና ዮሐንስ በመስቀሉ ግራና ቀኝ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ጉንጫቸው አስጠግተው የሚታዩበት ብዙ ነው። እጅን በጉንጭ ማስደገፍ የኀዘንተኛ ምልክት መሆኑን የማያውቅ ከመካከላችን ማን ነው? እንግዲህ ኀዘኑ ያለ አንዳች ጥላ ተነግሯል ማለት ነው።

የኢጣልያ ሠዓሊዎች ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. ከ1495 እስከ 1498 በሚላኖ ከተማ፣ በሳንታ ማርያ ዴለ ግራትስዬ ገዳም የመነኮሳት መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ የመጨረሻውን እራት ሣለ። የመረጠውም ጌታችን ከመካከላቸው አንዱ አሳልፎ እንደሚሰጠው የተናገረበትን ሰዓት ነው። ሐዋርያቱ ሦስት ሦስት ሆነው ይታወካሉ፤ አንዱ ይነሣል፣ ሌላው እጁን ይዘረጋል፣ ሌላውም ይጠይቃል። የጣሪያውና የግድግዳው መስመሮች ግን ወደ ውስጥ እየጠበቡ ሄደው በክርስቶስ ራስ ላይ ይገናኛሉ። በዚያው ስፍራ ግድግዳው ላይ የሚስማር ቀዳዳ ተገኝቷል፤ ሠዓሊው መስመሮቹን የለካው ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ዓይናችን ከሁከቱ ሁሉ ወደ አንዱ ጸጥታ ይሳባል። ይሁዳም እንደ ቀድሞ ብዙ ሥዕሎች ከማዕዱ ወዲህ ለብቻው አልተቀመጠም፤ ከወንድሞቹ መካከል ሳለ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ ከረጢቱን ጨብጦ፣ ፊቱ በጥላ ተሸፍኗል። የእኛ ሠዓሊ በአንድ ዓይን የነገረንን፣ ሊዮናርዶ በጥላ ነገረን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የሆላንዱ ሠዓሊ የሬምብራንት ሥራ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1653 «ሦስቱ መስቀሎች» የተባለውን ሥዕል በመዳብ ሰሌዳ ላይ በሹል መርፌ ጫረ። መርፌው መዳቡን ሲጭር ከጭረቱ ጠርዝ ሻካራ ፍቅፋቂ ይነሣል፤ ቀለሙን የሚይዘውና በወረቀት ላይ ሲታተም ለስላሳውን ጥቁረት የሚሰጠውም እርሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ እትሞች ብርሃን ከሰማይ እንደ ድንኳን ወርዶ በመስቀሉና በአካባቢው ባሉት ሰዎች ላይ ያርፋል። የመቶ አለቃው ተንበርክኮ እጆቹን ዘርግቷል። ሞት አለ፤ ነገር ግን ሞቱን የተረዳ ልብም አለ።

ያ ፍቅፋቂ ግን ከጥቂት እትም በኋላ ያልቃል። ሰሌዳው ባለቀ ጊዜ ሬምብራንት አልጣለውም፤ መርፌውን አንሥቶ እንደ ገና ሠራው። ብዙዎቹን ሰዎች ፍቆ አጠፋ፤ ረጅም ባርኔጣ የደፋ ፈረሰኛ ጨመረ፤ በሰሌዳው ላይም ቀጥ ያሉ ብርቱ መስመሮችን እንደ ዶፍ ዝናብ አወረደ። በተመልካቹ ቀኝ ያለው ወንበዴ በጨለማ ሰጥሞ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል። መስቀሉ በስፍራው አለ፤ ነገር ግን የቀድሞው ጽኑ ብርሃን ተሰብሯል። የፊተኛውን ያየ ይጽናናል፤ የኋለኛውን ያየ ግን ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምድርን የሸፈነው ጨለማ በላዩ የወደቀ ያህል ይሰማዋል።

ልብ በል፤ ሰሌዳው አንድ ነው፣ ታሪኩም አንድ ነው፣ ሠዓሊውም አንድ ነው። የተለወጠው የብርሃንና የጥላ ድርሻ ነው፤ በእርሱም መለወጥ ተስፋ ወደ ድንጋጤ ተለወጠ።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። ጥላና ርቀት ስሜትን የሚያጓጉዙ መሣሪያዎች እንጂ ስሜቱ ራሱ አይደሉም። የአገራችን የጥንት ሠዓሊ በጎውን ከክፉው በመስመርና በዓይን ለየ፤ ሬምብራንት ደግሞ በአንድ ነገር ውስጥ ያሉትን ሁለት ልቦች በጥላ ገለጠ። የመጀመሪያው ሳይጠራጠር ይፈርዳል፤ ሁለተኛው እያመነታ ይመረምራል። ሰው ደግሞ ሁለቱንም ይሻል። ስለዚህ አዲሱን የሚማር ወጣት የአባቶቹን መስመር ይናቅ ዘንድ አይገባውም፤ የአባቶቹን የሚያከብርም ጥላን እንደ ባዕድ አይሽሽ። አንተም ከሥዕል ፊት በቆምህ ጊዜ «ነገሩን ይመስላልን?» ብለህ ብቻ አትለፍ፤ «ልቤን ወዴት ወሰደው? በምንስ ወሰደው?» ብለህ ጠይቅ።