ካርናክ ሲበራ፦ የዕጣኑ ሒሳብ በማን መዝገብ ላይ ነው?

በጅግጅጋ፣ በውጫሌ፣ በሐርጌሳና በበርበራ መካከል የምትመላለሱ የንግድ ባልደረቦቼ ከነቤተሰቦቻችሁ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ቀረጥ ወይም ስለ ምንዛሪ አይደለም፤ ስለ ታሪክ ነው። ታሪኩ ግን የንግድ ታሪክ ስለሆነ ከሥራችን ብዙ አልራቅንም። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ዕቃ ለማየት ግብፅ የሄደ ነጋዴ ትርፍ ቀን ካገኘ ሰው ሁሉ የሚለው “ማታ የድምፅና ብርሃን ትርኢቱን እይ” ነው። ትርኢቱ እንዲህ ነው፦ ፀሐይ ከገባች በኋላ ጥንታዊው ሕንጻ በባለ ቀለም መብራት ተራ በተራ ይበራል፤ በድምፅ ማጉያ ደግሞ ታሪኩ ይተረካል። ነገሩ የተጀመረው በፈረንሳይ አገር ነው። በ1952 ፖል ሮበር ኡደን የተባለ የሻምቦር ቤተ መንግሥት ኃላፊ ሕንጻውን በመብራትና በድምፅ አሳየ፤ ሐሳቡም ወደ ሌላው ዓለም ተዛመተ። ጊዛ ፒራሚዶች ላይ በ1961 ተጀመረ፤ እዚያ የሚተርከው ራሱ ስፊንክሱ ነው። ሉክሶር በሚገኘው የካርናክ ቤተ መቅደስ ደግሞ በ1972 ተጀመረ። የነጋዴ ሐሳብ ነው ብትሉኝ አልክድም፤ ቀን የተሸጠው ድንጋይ ማታ እንደገና ይሸጣል፤ እንግዳውም አንድ ሌሊት ጨምሮ ያድራል።

እኔ ያየሁት የካርናኩን ነው። የበግ ራስ ባላቸው የድንጋይ ስፊንክሶች መካከል ይገባል። መብራቱ ፊት ፊት እየሄደ ሕዝቡ ይከተላል። 134 ዓምዶች ወዳሉት ታላቅ አዳራሽ ሲደረስ፣ መካከለኞቹ 12 ዓምዶች ቁመታቸው 21 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንገት እስኪታመም ቀና ተብሎ ይታያል። በመጨረሻ ቅዱስ ከሚሉት ኩሬ ዳር በተደረደረው መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ቀሪው ይሰማል። ትረካው በየተራ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይቀርባል። በአማርኛም ሆነ በሶማሊኛ የለም።

የሚተረከው በአብዛኛው የነገሥታትና የአማልክት ነገር ነው፤ ማን ሠራ፣ ማን አስፋፋ፣ ማን ድል አደረገ። እኔ ግን በመሐል ሐሳቤን የያዘው ሌላ ነገር ነበር። ይህ ቤተ መቅደስ የአሙን ቤት ነው። በአሙን ቤት በየቀኑ ዕጣን ይጤስ ነበር። ዕጣን ደግሞ በግብፅ አይበቅልም። ታዲያ ከየት መጣ? ማን አመጣው? በስንት?

መልሱ ከዚያው ከካርናክ ይጀምራል። በአዳራሹ ማዶ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ፣ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ሐውልት ቆሟል። ክብደቱ ከ300 ቶን በላይ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በ2005 ከሮም የተመለሰልን፣ በ2008 እንደገና የቆመው የአክሱም ሐውልት 24 ሜትር ነው። የካርናኩን ያቆመችው ሴት ናት፤ ሐትሼፕሱት ትባላለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1479 እስከ 1458 ገደማ ነገሠች። ከእርሷ በኋላ የእንጀራ ልጇ ሦስተኛው ቱትሞስ ብቻውን ሲነግሥ በሐውልቷ ዙሪያ ግንብ ተገነባ። ስሟም ከብዙ ቦታ ተፋቀ። እርሷ ግን በዓባይ ማዶ፣ ደይር አል ባሕሪ በሚባለው ቦታ በሠራችው ቤተ መቅደስ አንድ ግድግዳ ትታለች። ያ ግድግዳ የንግድ ጉዞ መዝገብ ነው።

በነገሠች በ9ኛው ዓመት ሰዎቿን ፑንት ወደሚባል አገር ላከች። በግድግዳው ላይ አምስት መርከቦች ይታያሉ። የፑንት ሰዎች ቤት በእንጨት ቋሚ ላይ የተሠራ፣ በመሰላል የሚወጣ ጎጆ ነው። የአገሩ አለቃ ፓራሁ ከሚስቱ ከአቲ ጋር ወጥቶ እንግዶቹን ይቀበላል። የአቲ ምስል ያለበት ድንጋይ ዛሬ ካይሮ ሙዚየም ስለሚገኝ፣ እስከ ሉክሶር መሄድ ያልቻለ እዚያው ሊያያት ይችላል። ግብፆቹ ከፊታቸው የዘረጉት ጨሌ፣ አምባር፣ መጥረቢያና ጩቤ ነው። መርከቦቹ ሲመለሱ የጫኑት ግን ዕጣንና ከርቤ፣ ዞጲ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ኩል፣ የነብር ቆዳ፣ ውሻ፣ ጦጣና ዝንጀሮ ነው። ከነሥራቸው በቅርጫት የተሸከሟቸው 31 የዕጣን ዛፎችም አሉ። የ31 ሜይ ሰፈር ሰው ስለሆንኩ ቁጥሩን መቼም አልረሳውም።

ንግድ የተማረ ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው ቀጥሎ ባለው ሥዕል ላይ ነው። ዕቃው ግብፅ ሲደርስ ዕጣኑ ተከምሮ በቁና ይሰፈራል። ወርቁ በሚዛን ይመዘናል፤ የሚዛኑ ድንጋይ የከብት ቅርጽ አለው። ጸሐፊው አምላክ ቶት ቆሞ ይመዘግባል። ቁና፣ ሚዛን፣ መዝገብ! ከ3,400 ዓመት በላይ ያለፈው ግድግዳ ላይ የእኛን የመጋዘን ሥራ አየሁት።

አሁን ሒሳብ የተማርን ሁሉ የምናውቀውን አንድ ነገር ላንሳ። ሙሉ ሒሳብ ሁለት ወገን አለው፤ የገባና የወጣ፣ የሰጠና የተቀበለ። በዚህ ግድግዳ ላይ ግን የሚገባው ብቻ ነው ጎልቶ የተጻፈው። ፑንቶች የሰጡት “ግብር” ተብሏል። ግብፆች ይዘውት የሄዱት ደግሞ ሃቶር ለምትባለው አምላክ የቀረበ መባ ተብሏል። ሁለት ወገን ተገናኝቶ፣ ተከራክሮ፣ ተለዋውጦ የተለያየበት ገበያ በአንዱ ወገን መዝገብ ላይ ግብር ሆኖ ቀረ። ፓራሁ በዚያ ቀን ስለ ጨሌው ምን እንዳለ፣ አቲ ዕጣኑን በስንት እንደገመተችው የሚነግረን የፑንት መዝገብ በእጃችን የለም።

ይህ የድሮ ነገር ብቻ አይደለም። ዛሬም እኛ ድንበር ላይ የምንሠራው ሥራ በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ስሙ ይለወጣል። አንዱ “ኮንትሮባንድ” ይለዋል፤ ሌላው “መደበኛ ያልሆነ ንግድ” ይለዋል። ሽንኩርቷን ከጅግጅጋ ሐርጌሳ አድርሳ ሦስት ልጆች ያስተማረችው እናት “ንግድ” ትለዋለች። እርሷ ግን አልጻፈችውም።

ፑንት የት እንደነበረች ሊቃውንት አሁንም ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ወደ ሱዳንና ኤርትራ ጠረፍ ይወስዷታል፤ ሌሎች ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ጅቡቲና ወደዚህ ወደ ሶማሌ ምድር፣ አንዳንዶችም የመንን ይጨምራሉ። በቅርብ ዓመታት የተገኙ ሁለት ማስረጃዎች ግን ለእኛ ትልቅ ትርጉም አላቸው።

አንደኛው ከቀይ ባሕር ዳር የተገኘ ነው። ካትሪን ባርድና ሮዶልፎ ፋቶቪች የተባሉ፣ ቀደም ሲል በ1990ዎቹ አክሱም ላይ የቆፈሩ ተመራማሪዎች፣ ከ2001 ጀምሮ በግብፅ መርሳ ጋዋሲስ በሚባል ቦታ ቆፈሩ። በዋሻ ውስጥ የተጠቀለለ የመርከብ ገመድ፣ የመርከብ እንጨትና የዕቃ ሣጥኖች አገኙ። በሣጥን ላይ የፑንት ድንቅ ነገሮች የሚል ጽሑፍ ነበረ። ያ ሣጥን ከሐትሼፕሱት ዘመን ከ300 ዓመት በላይ ይቀድማል። ዛሬ እኛ በካርቶን ላይ በማርከር ስም እንደምንጽፈው ማለት ነው።

ሁለተኛው የዝንጀሮ ነገር ነው። ግብፆች ከሩቅ ያስመጧቸውን ዝንጀሮዎች እያደረቁ ያስቀምጡ ነበር። በ2020 የወጣ ጥናት ከዚያ በድን ጥርስ፣ አጥንትና ፀጉር የተወለዱበትን ምድር ምልክት መረመረ። ውጤቱ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ጅቡቲንና ከሶማሊያም የተወሰነውን ክፍል፣ ከባሕር ማዶ የመንንም የሚያቅፍ አካባቢን አመለከተ። የፑንት መዝገብ ቢጠፋም የተሸጠው ዕቃ ራሱ መመስከር ጀምሯል።

ከዚያ በኋላ ያለውንም ስናይ ብዕሩ የእንግዳ እንደሆነ ይቀጥላል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ የቀይ ባሕርን ወደቦች ዘርዝሮ ጽፏል። የአክሱም ወደብ የነበረችው አዱሊስ አለችበት፤ ሊቃውንት ከበርበራ ጋር የሚያገናኟት ማላዎም አለች። ወደ ማላዎ ልብስ፣ ዋንጫና ብረት ይገባል፤ ከርቤና ጥቂት ዕጣን ይወጣል ይላል። ዛሬ በርበራ ላይ የልብስ ኮንቴይነር የሚያስፈታ ነጋዴ ይህን ቢያነብ ፈገግ ይላል።

በ1855 መጀመሪያ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ደግሞ የበርበራን ገበያ ጽፏል። ገበያው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አካባቢ ይቆማል፤ ሙቀቱ ሲመጣ ሰዉ ተበትኖ ከተማዋ ባዶ ትሆናለች። ከሐረር የሚወርደው ሲራራ ቡናና የዝሆን ጥርስ ያመጣ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም፤ መዝገብ ሲባል የሚያሳፍረውም ይጻፋል። እንግዳ ነጋዴ ያለ “አባን” አይሠራም ነበር። አባን ማለት የአገሩ ሰው ሆኖ ለእንግዳው ዋስ የሚሆን፣ የሚያስጠልለው፣ የሚያደራድርለት፣ ድርሻውንም የሚወስድ ነው። ሐርጌሳ የከረማችሁ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንባችሁም። ስሙ ቢለወጥም ዛሬም የመጀመሪያውን ሱቅ የተከራየነው፣ የመጀመሪያውን ዱቤ ያገኘነው በአንድ የአገሩ ሰው ቃል ነው።

ሐርጌሳ ማታ ሲሆን ባለ ቀለም መብራት የሚበራበት ጥንታዊ ሐውልት የላትም። በመሐል ከተማ ግን በመቀመጫ ላይ የተሰቀለ ሚግ አውሮፕላን አለ። በ1988 ከዚሁ ከተማ አየር ማረፊያ እየተነሱ ይህችኑ ከተማ የደበደቡትን አውሮፕላኖች ያስታውሳል። የምኖርበት ሰፈር ስም፣ 31 ሜይ፣ የዚያው ዓመት ቀን ነው፤ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሐርጌሳ የገቡበት። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ሐርቲሼክ የነበረው መጠለያ ከ250,000 በላይ ሰው ይዞ በጊዜው ከዓለም ትልቁ ተባለ፤ የተዘጋው በ2004 ነው። ዛሬ ከእኛ ጋር ዕቃ ከሚለዋወጡት የ31 ሜይ ነጋዴዎች መካከል በልጅነታቸው ያን መንገድ የሄዱ አሉ። ያንኑ መንገድ ዛሬ የድንችና የቲማቲም መኪና ይሄድበታል። ይህን የሚያበራ ትርኢት የለም፤ ያ ትውልድ ሳያልፍ የሚጠይቃቸው ግን ያስፈልጋል።

ልጆቻችሁን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያሻችሁም። ከሐርጌሳ በበርበራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ላስ ጌል አለ። በ2002 በዣቪዬ ጉተርዝ የሚመራ የፈረንሳይ ቡድን ለዓለም ያስተዋወቀው ቢሆንም፣ የአካባቢው ሰው ቀድሞም ያውቀው ነበር። በድንጋይ ጥላ ሥር አንገታቸው በጌጥ ያሸበረቀ ከብቶችና ሰዎች ተሥለዋል። 5,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆናቸው ይገመታል። ቀለሙ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ሆኖ እስከ ዛሬ ይታያል። ከሐርጌሳ ፈቃድ አውጥታችሁ፣ ቀን ሂዱ። ያን ሥዕል የሠራው የዚሁ ምድር ሰው እጅ ነው፤ ስለ እኛ ሌላ ሰው የጻፈው አይደለም።

ማታ ደግሞ ሐርጌሳ ውስጥ በየቤቱ ኡንሲ ይጤሳል። እኛም ቡና ስናፈላ ዕጣን እናጤሳለን። የሳናግ ተራሮች ቤዮና መይዲ፣ የመተማና የትግራይ ዕጣን ዛሬም ይሸጣል። ካርናክ ውስጥ ትርኢቱ ከሚናገርላቸው ነገሥታት ማንም የለም፤ የዕጣኑ ንግድ ግን አለ። የቀረው የእኛ ወገን መዝገብ ነው።

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይባላል። ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። እናታችሁን፣ አያታችሁን፣ በዕድሜ የገፋውን ነጋዴ ጠይቁና አምስት ነገር ጻፉ፦ ዓመቱን፣ ዕቃውን፣ መንገዱን፣ መስፈሪያውን፣ ዋስ የሆነውን ሰው። በአማርኛ የመጣውን ወደ ሶማሊኛ፣ በሶማሊኛ የመጣውን ወደ አማርኛ እንመልሰዋለን፤ ሁለቱ ወገን ጎን ለጎን እንዲነበብ።

የመጀመሪያውን መስመር እኔ ላስገባ። ዓመት፦ 2011። ዕቃ፦ ሽንኩርት። መንገድ፦ ከጅግጅጋ በውጫሌ ሐርጌሳ። መስፈሪያ፦ 30 ከረጢት። ዋስ፦ ኤዶ እያልኩ የምጠራቸው የ31 ሜይ ባለ ሱቅ፤ ስማቸውን ራሳቸው ሲፈቅዱልኝ እሞላዋለሁ። እርሳቸውም የእኔን ሽንኩርት በስንት እንደተረከቡኝ በራሳቸው ደብተር ጽፈውታል፤ አሳይተውኛል፤ ቁጥሩ ይገጥማል።