ጣሳውና እንጨቱ፦ የቤት ጠላ ምልክት ከአገር ቤት እስከ ሶባ



ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦር ሜዳ ወሬ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ዛሬ ግን ታሪክ ጸሓፊዎች እምብዛም የማያነሡትን አንድ ትንሽ ነገር እናንሣ፤ ይኸውም በጠላ ቤት ደጃፍ በእንጨት ጫፍ ላይ ተደፍቶ የሚታየው ጣሳ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ከእኛ ከስደተኞቹ ኑሮ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። ዓመታቱን የጻፍናቸው በሱዳን እንደሚቆጠረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በአገራችን ጠላ የምትሸጥ ሴት በሯ ላይ ጽሑፍ አትለጥፍም። ረዘም ያለ እንጨት ትተክልና ጫፉ ላይ ጣሳ ወይም ኩባያ ትደፋበታለች፤ አንዳንድ ቦታም ላስቲክ ይጠመጠምበታል። ጣሳው ብዙ ጊዜ ድልህ ወይም ዘይት የመጣበት የፋብሪካ ዕቃ ነው። ፋብሪካው የለጠፈበት ወረቀት ተልጦ ከወደቀ በኋላ ዕቃው ራሱ የሌላ መጠጥ ምልክት ሆነ ማለት ነው። ማንበብ የማይችለውም መንገደኛ ያነበዋል።

የዚህ ምልክት ዋናው ጠባይ ግን መነሣቱ ነው። ጠላ እንደ ጠርሙስ ቢራ ለወራት አይቀመጥም። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾውና ብቅሉ ይጠነሰሳል፤ ቂጣው ወይም እንኩሮው ይገባል፤ ድፍድፉ ይበስላል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ ይጨመርበትና ይጠለላል። ከተከፈተ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተጠጣ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ጠላው ሲደርስ ጣሳው ይወጣል፤ ጋኑ ሲገለበጥ ጣሳው ይወርዳል። ምልክቱ የቤቱ ስም ሳይሆን የዕለቱ ወሬ ነው፤ «ዛሬ አለ» ይላል እንጂ «እኔ እገሊት ነኝ» አይልም።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በባቫሪያ አንዳንድ ከተሞች ሰዎች በጋራ መጥመቂያ ቤት ቢራቸውን ያዘጋጁና ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ተራው በደረሰው ሰው በር ላይ ይሰቀላል፤ ቢራው ሲያልቅ ኮከቡ ወርዶ በሌላው በር ይወጣል። ዛሬም በፈረንጅ አገር ቢራን በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች በድራፍት መቅጃው እጀታ ላይ ተለዋዋጭ ስም ያደርጋሉ። አንዱ በማግኔት ያጣብቀዋል፤ ሌላው በትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፈዋል። በርሜሉ ሲቀየር ስሙም ይቀየራል። ነገሩ ያው የጣሳው ነገር ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ በመካከለኛው ዘመን ቢራ የጠመቀች ሴት ከደጇ በላይ እንጨት ታወጣ ነበር። እንጨቱ እየረዘመ ፈረሰኛውን ስላስቸገረ በ1375 የለንደን ከተማ ሹማምንት በመንገድ ላይ ከ7 ጫማ በላይ እንዳይወጣ ደነገጉ። ያ እንጨት የሚጠራው ጠጪውን ብቻ አልነበረም። መጠጡን ቀምሶ ጥራቱንና ዋጋውን የሚፈርድ ሹምም ነበርና እሱንም ይጠራ ነበር። እንጨቷን ያወጣች ሴት «ኑና ቅመሱኝ፤ ለሠራሁት እጠየቃለሁ» ማለቷ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሶባ እንምጣ። ሶባ የሚለው ስም ለብዙዎቻችን ከካርቱም በስተደቡብ ያለው አቧራማ ሰፈር፣ ከደቡብና ከኑባ ተራሮች የተፈናቀሉ ሰዎች በጭቃ ቤት የሰፈሩበት ምድር ነው። ነገር ግን ከሰማያዊው ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከሁለቱ ዓባዮች መገናኛ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ፍርስራሽ የዓልዋ ክርስቲያናዊ መንግሥት መናገሻ የነበረችው ጥንታዊቱ ሶባ ናት። በ10ኛው መቶ ዓመት ስለ ኑቢያ የጻፈው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ ስለ ሶባ መልካም ሕንጻዎች፣ ወርቅ ስለ በዛባቸው አብያተ ክርስቲያናትና ስለ አትክልት ቦታዎች ተርኮልናል። ጨምሮም የአገሩ ሰዎች ከነጭ ማሽላ ዳቦአቸውንም ቢራቸውንም እንደሚሠሩ ጽፏል። እንግዲህ በዚህ ምድር የማሽላ ጠላ ቢያንስ የሺሕ ዓመት ዕድሜ አለው። የዛሬዋ መሪሳም በማሽላ ብቅል የምትጠመቅ፣ እንደ ጠላ ቶሎ የምትጠጣ የሴቶች ሥራ ናት።

ሶባ በ1500 አካባቢ ወደቀች፤ የማሽላው መጠጥ ግን አልወደቀም። መሐዲ በ19ኛው መቶ ዓመት መጠጥን ከለከለ፤ የእንግሊዝ ዘመን ሲመጣ ተመልሶ ተፈቀደ። በ1950ዎቹም በካርቱም የቢራ ፋብሪካ ተቋቁሞ ግመል የተሣለበት ቢራ ይሸጥ ነበር። በ1983 መስከረም ኑሜሪ የሸሪዓ ሕግ ሲያውጅ ብዙ ሳጥን መጠጥ ዓባይ ውስጥ ፈሰሰ፤ ፋብሪካውም ተዘጋ። የ1991ዱ የወንጀል ሕግ ለሚጠጣ ሙስሊም 40 ጅራፍ ደነገገ፤ የሚጠምቅና የሚሸጥም ተቀጪ ሆነ። ፋብሪካ ሲዘጋ በሩ ይታሸጋል። የሴቲቱ ጋን ግን የልጆቿ ዳቦ ነውና አልታሸገም። በዚያ ዘመን የኦምዱርማን የሴቶች ወህኒ ቤት መሪሳና አረቄ በሠሩ ተፈናቃይ ሴቶች ይሞላ ነበር። ሙስሊም ያልሆነ ሰው እንዲጠጣ በሕግ የተፈቀደው በ2020 ሐምሌ ነው።

ካርቱም የኖርን ሰዎች ጠላውን ስናውቀው ያለ ጣሳ ነው። ጌሾው በሰው እጅ ከአገር ቤት ይመጣል፤ ጋኑ ቀርቶ የላስቲክ በርሜል ሆኗል፤ በር ላይ ግን ምንም የለም። አንዲት ጎረቤታችን ጠላው ሲደርስ ከልብስ ማስጫው ገመድ ጥግ አንድ ነጠላ ታሰጣ ነበር። ነጠላው ካለ «እትዬ፣ ደህና አደሩ?» ብሎ መግባት ነው፤ ከሌለ ማለፍ ነው። ፖሊስ ነጠላውን ልብስ ብሎ አየው፤ እኛ ጣሳ ብለን አነበብነው። አንድ ቀን ግን ነጠላው እንደ ተሰጣ ሴትዮዋ ተወሰደች። ከዚያ ወዲያ ገመዱ ባዶ ሆነ፤ ጠላው በጆሮ ብቻ ይሸጥ ጀመር።

ከዚህ ላይ ያን የያዝነውን ነጥብ እናንሣ። ምልክት ሲጠፋ የሚጠፋው ገበያ ብቻ አይደለም፤ ተጠያቂም አብሮ ይጠፋል። ጣሳ ያቆመች ሴት ጠላዋ ቢበላሽ መንደሩ በሯን ያውቃል፤ ስለዚህ ትጠነቀቃለች። በጨለማ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ጠርሙስ ግን ማን እንደሠራው አይታወቅም። የፋብሪካ አልኮል፣ ሜታኖል የሚባለው፣ ከአረቄ ጋር ቢደባለቅ በሽታም በጣዕምም አይለይም፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ሕጉ መጠጥን አጠፋለሁ ብሎ ተነሣ፤ ያጠፋው ግን ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየውን ጣሳ ነው።

መጠጥን ማመስገናችን አይደለም፤ በመጠጥ የፈረሰ ቤት በመካከላችን መኖሩን እናውቃለን። የምንለው፣ አንዲት ሴት የእጇን ሥራ በገሃድ «ይህ የእኔ ነው» ብላ በደጇ ማቆም መቻሏ ለእሷም ለጎረቤቷም ጥበቃ ነበር ነው። ይህንንም ተሰድደን ካጣናቸው ነገሮች መካከል ልንቆጥረው ይገባል።

በየአገራችሁ የጠላ፣ የጠጅና የአረቄ ቤት ምልክት ምን እንደነበረ የምታስታውሱ እናቶችና አባቶች ካላችሁ ንገሩን፤ በሚቀጥለው ወረቀት እንገለብጠዋለን። ይህንንም ያነበባችሁ ለጎረቤት አስተላልፉ።